የጋሽ ዘሥላሴ ሰማያዊ ገመድ

ያሕያ ጋሽ ዘሥላሴን ያገኛቸው ሳሎናቸው ውስጥ፣ በሁለቱ ቁመታም ስፒከሮች መሃል፣ በጀርባቸው ተዘርረው ነው። ጭንቅላታቸው ከኋላ ተፈንክቶ ደማቸው ምንጣፉ ላይ ረግቷል፤ እስትንፋሳቸው ግን ነበረች። ያሕያ አምቡላንስ ጠርቶ እሳቸውን አሳፈረ፤ ለፖሊስ የደወለው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ፖሊስ። ሌላ ሰው ቢሆን ያመሰግነው ነበር፤ እኔ ግን በመጠርጠር ደመወዝ የምበላ ሴት ነኝና፣ አምቡላንሱ እስኪመጣ ብቻህን እዚያ ቤት ምን ስትሠራ ነበር ብዬ ነው የጀመርኩት።

ብርሃነሽ እባላለሁ፤ ኢንስፔክተር ነኝ። የእነዋሪ ልጅ ነኝ። ደብረ ብርሃን ከተመደብኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ብርዷን ግን አልለመድኩትም። ለመድኩት የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይዋሻል፣ እኔ ጋ አምጡት።

ያን ቀን ከሳጅን ይስማው ጋር እዚያ ስንደርስ እኩለ ቀን አልፏል። የሰፈሩ መንገድ በድንኳን ተዘግቶ ነበር፤ ከጋሽ ዘሥላሴ ቀጥሎ ባለው ቤት ይኖሩ የነበሩ አንዲት አሮጊት አርፈው ለቅሶ ነው። መኪናችንን አስፋልቱ ዳር አቁመን፣ ነፍስ ይማር እያልን በለቅሶተኛው መሃል አልፈን ገባን።

በሩ አልተሰበረም። መሳቢያ አልተበረበረም። ቴሌቪዥኑም፣ የግድግዳ ሰዓቱም፣ ጠረጴዛ ላይ የተረሳው ስልካቸውም በቦታቸው ናቸው። በቤት ማሞቂያው የብረት ምድጃ ጠርዝ ላይ ደምና ሽበት ተጣብቋል። አንድ ሰው ገፍትሯቸው ወደ ኋላ ሲወድቁ ምድጃው ተቀበላቸው ማለት ነው፤ ይህን ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም።

የጠፋውን ነገር የነገረን ያሕያ ነው። ጋሽ ዘሥላሴ ሙዚቃ የሚሰሙት በካሴት ወይም በሲዲ አልነበረም። ያላቸው ድምፅ ሁሉ መጽሐፍ በምታክል ጥቁር ሣጥን ውስጥ፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀምጦ፣ በኔትወርክ ገመድ ወደ ማጫወቻው፣ ከዚያም ወደ ስፒከሮቹ ይሄዳል። ገመዱ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣ አውራ ጣት የሚያህል፣ ጫፎቹ በወርቅ ቅብ የሚያብረቀርቁ ሰማያዊ ነገር ነው። አንዱ ጫፉ ማጫወቻው ላይ ተሰክቷል፤ ሌላው ወለሉ ላይ ተንጋሏል። ሣጥኗ የለችም።

ከመደርደሪያው ሥር ይስማው አንድ ፒንሳ አወጣ። ያሕያ ሳንጠይቀው የኔ ነው አለ።

*

ሆስፒታል የሄድኩት ያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ጋሽ ዘሥላሴ ነቅተዋል። ጭንቅላታቸው በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ እንደ ገባሁ ቀና ለማለት ሞከሩ። ማን መታዎት ልላቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ ሣጥኗን አገኛችኋት?»

አላገኘናትም አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሐኪሙ ቀደም ብሎ ነግሮኛል፤ ከዋዜማው ከሰዓት ጀምሮ ያለው ነገር ከጭንቅላታቸው ተፍቋል፣ ላይመለስም ይችላል። እውነትም ማን እንደመጣ፣ ማን እንደገፋቸው፣ ከያሕያ ጋር ተጣልተው እንደሆነ ብጠይቃቸው አንዱንም አያውቁም። የሚያውቁት ሣጥኗን ብቻ ነው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ መስከረም ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅ አልነበራቸውም። ሣጥኗ ውስጥ ብዙ ዘፈንና መዝሙር አለ፤ ያ ቢጠፋ ግድ የላቸውም። ከሁሉ መሃል ግን አንድ የወይዘሮ መስከረም ድምፅ አለ፣ ራሳቸው ቤታቸው ውስጥ የቀዱት። ሌላ ቅጂ እንዳላቸው ጠየቅኋቸው።

«ያሕያ ገልብጡት፣ ገልብጡት ይለኝ ነበር። እኔ ነገ እያልኩ።»

ከዚያ ስለ ገመዱ አወሩኝ። ከጊዜ ወደ ጊዜ ድምጿ እየራቃቸው ሄደ፤ ከማዶ ሆና የምትናገር ያህል ሆነ። ዲስኩ እያረጀ ነው ብለው ሰጉ። የድምፅ ዕቃ ሻጩ ኪዳነ ማርያም ይህን ሲሰማ ያንን ሰማያዊ ገመድ አምጥቶ፣ መጀመሪያ በአሮጌው፣ ቀጥሎ በአዲሱ አሰማቸው። «በአዲሱ ሲሆን ተመልሳ እዚህ ተቀመጠች» አሉኝና የአልጋቸውን ጎን መታ መታ አደረጉ።

በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ለቅሶ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለውን ግን አልሰማሁም። ሣጥኗን ሳላገኝላቸው እንደማልተኛ ለራሴ ነገርኩት፤ ለእሳቸው ግን ምንም ቃል አልገባሁም፣ ቃል የሚገባ ፖሊስ አልወድም።

*

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተክለጊዮርጊስ የጋሽ ዘሥላሴ የቅርብ ጎረቤት ናቸው። ከድንኳኑ ጠርቼ ሳነጋግራቸው ፊታቸው ጠቁሯል፤ የለቅሶ ድካም መስሎኝ አለፍኩት። በዋዜማው ከሰዓት ያሕያና ጋሽ ዘሥላሴ ሲጨቃጨቁ አጥር ተሻግሮ ይሰማ ነበር አሉኝ። ነገሩን በሙሉ አልሰሙም። በመጨረሻ ግን ሽማግሌው፣ «ውጣ ከቤቴ፣ ሁለተኛ እንዳትረግጥ!» ሲሉ ሰምተዋል። ጋሽ ዘሥላሴ ሲጮሁ የሰሙት ያን ቀን ብቻ ነው።

ያሕያ ዓብዱራህማን የአልዩ አምባ ልጅ ነው፤ ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ተምሮ እዚሁ ቀረና የኔትወርክ ዕቃ ሱቅ ከፈተ። የጋሽ ዘሥላሴን ቤት ሽቦ የዘረጋው እሱ ነው። በዓል ሲሆን ጋሽ ዘሥላሴ ዘንድ ሳይደርስ አይውልም፤ ለኢድ ደግሞ እሳቸው እናቱ ወይዘሮ ዙቤዳ ዘንድ ይሄዳሉ። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ለምን ይባረራል?

«ስለ ገመዱ ነው» አለኝ።

ስለ ገመድ ሰው ከቤት ይባረራል ወይ ስለው አንገቱን ደፋ። የቀረውን ከእሳቸው ስሚ እንጂ እኔ አልናገርም አለ። እሳቸው አያስታውሱም ስለው ደነገጠ፤ አፉን ግን አልከፈተም። ረፋዱን የት ነበርክ ስለው፣ ሱቄን ዘግቼ ዕቃ ስለይ ነበር፣ ብቻዬን፤ ከዚያ ለቅሶ ለመድረስ መጣሁ፣ ጋሼን ከለቅሶተኛው መሃል ሳጣቸው ገብቼ አየሁ አለ። የተጣላ፣ ፒንሳው የተገኘ፣ የት እንደዋለ የሚመሰክርለት የሌለ፣ ሲጠየቅ ዝም የሚል ሰው። አሰርኩት። አርባ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለብኝ፤ ሣጥኗ ግን ሱቁንም ቤቱንም ብንፈትሽ የለችም።

ይስማው አመሻሹ ላይ አንድ ወሬ ይዞ መጣ። መንገዱ መግቢያ ላይ ዳቦ የምትሸጠው ሴት የኪዳነ ማርያምን ነጭ መኪና ጠዋት አይታለች። በስንት ሰዓት ብሎ ቢጠይቃት፣ «ጠዋት ነዋ፣ ጠዋት!» ብላ ተቆጣችው።

*

በማግሥቱ አንኮበር ወጣን። ኪዳነ ማርያም አንድ አዲስ ሎጅ ውስጥ የድምፅ ዕቃ እየገጠመ ነው ተብለናል። ከደብረ ብርሃን አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው፤ ዳገቱ ላይ ጉም ስለነበር ይስማው እንደ ሙሽራ መኪና አንፏቀቀን።

ኪዳነ ማርያም ከአዲስ አበባ መጥቶ ባለፈው ዓመት ደብረ ብርሃን ሱቅ የከፈተ፣ የቆዳ ጃኬት የሚለብስ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። የጋሽ ዘሥላሴን መጎዳት ነግሬው ሳልጨርስ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ጠዋት እዚያ ታይተሃል ልለው ስል ራሱ ጀመረው።

«ሄጄ ነበር እኮ። ሦስት ሰዓት ገደማ መኪናዬን በራቸው ላይ አቁሜ አንኳኳሁ። ሙዚቃው እስከ ውጭ ድረስ ይሰማል። ሲሰሙ ደግሞ የዓለም ነገር አይገባቸውም፤ ተውኳቸውና ወደዚህ መጣሁ።»

የሎጁ ባለቤት አቶ ገብረመንፈስቅዱስ ቃሉን ደገፉለት። አራት ሰዓት ላይ አብረው ሻይ ሲጠጡ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን፣ አራት ሰዓት ላይ አንኮበር፤ መሃል ላይ ሰው ገፍትሮ ሣጥን የሚሰርቅበት ጊዜ የለም። ከዚያም በላይ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ሙዚቃ የሚሰማ ሰው ደህና ሰው ነው። ስለዚህ ጋሽ ዘሥላሴ የተጎዱት ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው፤ ያ ደግሞ ያሕያ ብቻዬን ነበርኩ ያለበት ረፋድ ነው። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ልንሄድ ስንል ኪዳነ ማርያም ዕቃውን ላሳያችሁ አለ። ላፕቶፑን ከማጫወቻው ጋር በአንድ ተራ ግራጫ ገመድ አገናኝቶ መሰንቆ አሰማን። ከዚያ ግራጫውን ነቅሎ ሰማያዊውን ሰካ፤ ያንኑ መሰንቆ ደገመው። ልዋሽ አልፈልግም፤ ልዩነት ሰማሁ። ሁለተኛው ሞላ ያለ፣ ቀረብ ያለ ነበር። ይስማውም ራሱን ነቀነቀ።

አቶ ገብረመንፈስቅዱስ በኩራት ፈገግ አሉ። «ያቺን ሴትዮ አሰማቸው እንጂ» አሉት። «እኔን ያሳመነችኝን፣ በገና የምትደረድረዋን።»

እሷ ሌላ ዲስክ ላይ ናት፣ ዛሬ አልያዝኳትም አለ ኪዳነ ማርያም፤ ወዲያው ሌላ ዘፈን ጀመረ። እኛም ጉሙ ሳይብስ ወረድን።

*

ያሕያን ያናገረው ዱላም ልመናም አይደለም። ከአንኮበር እንደተመለስን አስጠራሁትና፣ የምትለው ካለህ አሁን በል፣ ገመዱ እንደሆነ እውነትም ድምፁን ይለውጣል፣ በጆሮዬ ሰምቼ መጣሁ አልኩት።

ሳቀ። ታስሮ፣ ነገ ፍርድ ቤት ሊቀርብ፣ ሳቀብኝ።

«እትዬ ብርሃነሽ፣ አንቺም?»

ከዚያ አላቆመም። በገመዱ ውስጥ የሚሄደው ድምፅ አይደለም፣ ቁጥር ነው አለኝ። ማጫወቻው ቁጥሩን ተቀብሎ፣ አጠራቅሞ፣ ተሳስቶ የመጣ ካለ መልሶ አስልኮ፣ ከዚያ ነው ድምፅ የሚያደርገው። ገመዱ ካልተበላሸ በስተቀር ርካሹም ውዱም የሚያደርሱት ያንኑ ነው፤ የተበላሸ እንደሆነም ድምፁ ይቆራረጣል እንጂ አይደክምም፣ አይርቅም። «በስልክሽ መልእክት ሲመጣልሽ፣ የተሻለ ገመድ ቢኖር ፊደሉ ያምራል? እንደዚያ ነው።»

እኔ ታዲያ ምን ሰማሁ? ድምፁ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ነው አለኝ። ሰው ያንኑ ዘፈን ትንሽ ከፍ ብሎ ቢሰማው ጮኸ አይልም፤ ጠራ፣ ሞላ፣ ቀረበ ነው የሚለው። አንቺ ሞኝ ስለሆንሽ አይደለም፣ የሰው ጆሮ እንዲህ ነው አለ። ትንሽ ተጽናናሁ። ኪዳነ ማርያም ግን ቁልፍ ሲነካ አላየሁም ስለው፣ መንካት አያስፈልገውም፣ የአንዱን ዘፈን ሁለት ቅጂ አስቀምጦ ሁለተኛውን ቀድሞ ከፍ ማድረግ ይችላል አለ።

«ይህን ለጋሽ ዘሥላሴ ነገርካቸው? የተጣላችሁት በዚህ ነው?»

ወደ መሬት እያየ መለሰ።

«ገመዱን ብቻ ብነግራቸው ኖሮ አይቆጡም ነበር። ድምጿ ለምን ራቀኝ ታዲያ አሉኝ። ጋሼ፣ ዲስክ ላይ ያለ ድምፅ አያረጅም፤ እየደከመ ያለው ጆሮዎ ነው አልኳቸው። ይህን ነው ያልኩት። አባቴ የምላቸውን ሰው ደነቆሩ አልኳቸው። እንዴት አድርጌ ለፖሊስ ልናገር?»

ጋሽ ዘሥላሴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት የሽመና መኪና ሲጮህባቸው ነው። ሰፈሩ በሙሉ ጆሯቸው እየደከመ መሄዱን ያውቃል፤ ሁለቴ ጠርቷቸው ሦስተኛ ካልጮኸ አይሰሙም። ለእሳቸው የነገራቸው ግን አልነበረም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አሁን ገባኝ። ይህ ሰው የታሰረው በይሉኝታ ነው።

ሊወጣ ሲል የወይዘሮ መስከረም ድምፅ ምን ዓይነት ነው አልኩት። እያወሩ የተቀዱ ይመስለኝ ነበር።

«በገና ነው። በጾም ወቅት በገና ሲደረድሩ።»

አቶ ገብረመንፈስቅዱስን ያሳመነቻቸው ሴትዮ ትዝ አለችኝ። ግን ኪዳነ ማርያም ቅጂውን ቀድሞ በሰላም ወስዶት ሊሆን ይችላል፤ ደግሞም ሦስት ሰዓት ላይ ሙዚቃው ይሰማ ነበር። ያቺ ሦስት ሰዓት እንደ ግድግዳ ፊቴ ቆመች።

*

በማግሥቱ የአሮጊቷ ሠልስት ነበር። ወደዚያ የሄድኩት ሰው ለማነጋገር ነው፤ ያሕያን ዛሬ ፍርድ ቤት አቀርባለሁ ወይስ እለቃለሁ፣ ሳልወስን። ጋሽ ተክለጊዮርጊስ ቦታ ለቀው አስቀመጡኝ። ፊታቸው አሁንም እንደ ጠቆረ ነው፤ ሐዘኑ በጣም ከብዶዎታል አልኳቸው።

ሐዘኑ አይደለም አሉኝ። ቅያሜ ነው። ጋሽ ዘሥላሴን ተቀይመዋቸው ነበር፣ አሁን ደግሞ መቀየማቸው ቆጭቷቸዋል። አሮጊቷ ያረፉት ጠዋት ነው። ጥሩምባ ሲነፋ ሰፈሩ ወጣ፤ ወንዱ ድንኳን ተከለ፤ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ሰዉ ደረሰ። ጋሽ ዘሥላሴ ብቻ ቀሩ። ሰው ተልኮ በራቸውን ቢያንኳኳ መልስ የለም።

«ሠላሳ ዓመት አጥር ተጋርተን፣ እንዴት ከለቅሶ ይቀራል ብዬ በልቤ ሰደብኩት። ለካስ እሱ ወድቆ ኖሯል።»

«ጥሩምባው የተነፋው ጠዋት መቼ ነው?»

«አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሁለት ሰዓት ላይማ ድንኳኑ ቆሟል።»

በድንኳኑ ሥር ጎንበስ ብዬ ያለፍኩት ሁለት ጊዜ ነው። አንድም ጊዜ መቼ ተተከለ ብዬ አልጠየቅኩም። የቀብሩ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ስለነበር እኩለ ቀን ላይ የተተከለ አድርጌ ነበር የያዝኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ የኔ ለቀማ ሦስት ቀን ፈጀ።

ጋሽ ተክለጊዮርጊስን የመጨረሻዋን ጥያቄ ጠየቅኋቸው። ያን ቀን ረፋዱ ላይ ከጋሽ ዘሥላሴ ቤት ሙዚቃ ተሰምቶ ነበር ወይ?

እንደ ሰደብኳቸው አዩኝ። «ሬሳ ቤት ውስጥ ተጋድሞ? በዚህ ሰፈር ሬዲዮ የሚከፍት አለ? ሕፃን እንኳ አይደፍረውም። ተከፍቶ ቢሆንማ ገብቼ በእጄ ነበር የማጠፋው።»

አመስግኛቸው ተነሣሁ። ሦስት ሰዓት ላይ መኪና በዚያ መንገድ ሊገባ አይችልም፤ ድንኳኑ ዘግቶታል። ሦስት ሰዓት ላይ ሙዚቃ ሊሰማ አይችልም፤ ለቅሶ ነው። ከሁሉም በላይ ጋሽ ዘሥላሴ ከጎረቤት ለቅሶ የሚቀሩ ሰው አይደሉም። ከቀሩ፣ ጥሩምባው ሲነፋ ወድቀው ነበር ማለት ነው። ኪዳነ ማርያም የመጣው ማለዳ፣ ዳቦ ሻጯ ዳቦዋን ስታወርድ ነው፤ ሰፈሩ ገና ሰላም በነበረበት ሰዓት። እሱ ከሄደ በኋላ ምን እንደሆነ አያውቅምና፣ ሽማግሌውን ደህና ለማስመሰል ሙዚቃ ከፈተላቸው። የፈጠረው ውሸት በማንኛውም ሌላ ቀን ይሠራለት ነበር።

*

አንኮበር ስንደርስ ጉሙ ተገፎ ነበር። ኪዳነ ማርያምን ሳላናግር መጀመሪያ አቶ ገብረመንፈስቅዱስን ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ይስማው ዕቃውን በብርድ ልብስ ጋረደውና ኪዳነ ማርያምን፣ የያኔውን መሰንቆ ሁለቱንም አጫውት አለው። አጫወተ። የቱ ይሻላል ስላቸው ሁለተኛው፣ ሰማያዊው፣ ምንም አያጠራጥርም አሉ። ይስማው ብርድ ልብሱን አነሣ። በሁለቱም ጊዜ የተሰካው ይስማው ቀድሞ ያስገባው ግራጫው ገመድ ነው።

አቶ ገብረመንፈስቅዱስ ገመዱን፣ ከዚያ ኪዳነ ማርያምን አዩ። ተነሥተው ወጡ።

ላፕቶፑን ይስማው ከፈተው። ዘፈኖቹ ሁሉ ሁለት ሁለት ናቸው። ከታች፣ መስከረም የሚል ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች ነበሩ።

«አቶ ኪዳነ ማርያም፣ ሦስት ሰዓት ላይ የሰሙት ሙዚቃ ምን ነበር?»

«እሱማ... በገና መሰለኝ።»

«ከበራቸው አጠገብ መኪናዎን አቁመው?»

«አዎ።»

ከበሩ አጠገብ ያን ሰዓት ድንኳን እንደነበረ፣ ድንኳኑ ሥር ሰፈሩ በሙሉ እያለቀሰ እንደነበረ ነገርኩት። ከሻይ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

የተናዘዘውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ያሕያ ከተባረረ በኋላ ጋሽ ዘሥላሴ ነገሩ ሲከነክናቸው፣ አንዱን ፋይል በሁለቱም ገመድ እየቀያየሩ ሰሙት። ልዩነት አጡበት። ሲፈልጉ ሁለተኛውን ፋይል አገኙ፤ ኪዳነ ማርያም ገመዱን ለማሳየት የመጣ ቀን ሣጥኗ ላይ ያስቀመጠው ነው። ደውለው ገመድህን ውሰድ፣ የሸጥክላቸውን ሁሉ እነግራቸዋለሁ አሉት። እሱ ማለዳ መጣና ለመናቸው። ገመዱን እወስዳለሁ፣ ያቺን ሁለተኛ ፋይል ግን ላጥፋት፣ ሌላ ማስረጃ የለም አለ።

እምቢ አሉት። «ሁለቱም እሷ ናት» አሉት። የአጭበርባሪ ሥራ ነው፣ ለእሳቸው ግን የሚስታቸው ድምፅ ነው፤ ቢጮህም ቢቀንስም አይጠፋም። እሱ ሣጥኗን ያዘ፣ እሳቸው አልለቅም አሉ፣ ገፋቸው። ሲወድቁ አይቶ ሣጥኗን ይዞ ሮጠ። ለአምቡላንስ መደወል ይችል ነበር። ይህን ሲናገር ብቻ ነው ያለቀሰው፤ እኔ አላዘንኩለትም።

ሣጥኗን ወደ አንኮበር ሲወጣ ገደል ወርውሯታል። ገደሉ የት ጋ እንደሆነ አሳየን። የአካባቢው ሰው ወርዶ ቢፈልግ የተሰባበረ ሽፋንና ከድንጋይ የተላተመ ዲስክ አወጣ። ዲስኩን ለያሕያ አሳየሁት፤ ከእስር ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ገና ለእናቱ ስልክ እንኳ ሳይደውል ነው እጁ ላይ ያስቀመጥኩለት። ገለበጠው፣ ወደ ብርሃን አነሣው፣ መለሰልኝ። አይሆንም አለ።

የወይዘሮ መስከረም ድምፅ የቀረው የሌባው ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ሆነ።

*

ላፕቶፑ ማስረጃ ነው፤ ከእጄ አይወጣም። ዐቃቤ ሕጉን ለምኜ ፋይሉን ስልኬ ላይ እንድገለብጥ ፈቀደልኝ። ሆስፒታል ስደርስ ያሕያ አልጋው አጠገብ ቆሟል። ጋሽ ዘሥላሴ እጁን ይዘውታል፤ ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም። ሐኪሙ ጆሯቸውን አይቶ እውነቱን ነግሯቸዋል። ያሕያ ልክ ነበር አሉኝ፣ ልክ ስለነበር ነው የተቆጣሁት።

ሣጥኗ መሰበሯን ነገርኳቸው። ሌላ ሰው ከሚነግራቸው ብዬ። ከዚያ ስልኬን አወጣሁ።

«በየትኛው ገመድ ነው?» አሉኝ።

«ገመድ የለውም ጋሼ። ስልኬ ነው።»

በሚሻለው ጆሯቸው ላይ አስደግፌ ከፈትኩት። የበገናው አውታር ቀስ ብሎ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ የሴት ድምፅ፣ ዝቅ ያለ፣ ቅርብ። የስልኬ ስፒከር የአንድ ሳንቲም ያህል ናት። ጋሽ ዘሥላሴ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ያሕያ ወደ መስኮቱ ዞረ።

በገናው አለቀ። ስልኩን ላነሣ ስል እጄን ያዙት። ጠብቂ ማለታቸው ነው። ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም።

«አላለቀም እኮ» አሉ።

ያለው ይኼው ነው ጋሼ አልኳቸው። ኪዳነ ማርያም ለማሳያ የሚሆነውን ወስዶ ጫፉን ቆርጦታል። ምን ነበር የቀረው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ስትጨርስ ትቆጣኛለች» አሉ። «በገናውን አስቀምጣ፣ ‘በል ይህን ነገርህን አጥፋና ና ብላ፤ እራቱ ቀዘቀዘ’ ትለኛለች። ካረፈች ወዲህ ማታ ማታ እሱን ከፍቼ፣ እሷ እንዲህ ስትለኝ ነበር ተነሥቼ የምበላው።»

ከአልጋቸው አጠገብ የሆስፒታሉ ምግብ ሳይነካ ተቀምጧል። ነርሷ ከትናንት ጀምሮ አልበላም ብለዋል ብላኝ ነበር፤ የራስ ምታት ነው ብዬ ነበር።

ስልኩን አጠፋሁት። ሳህኑን አነሥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩና፣ ቁጣ እንደሆነ ከማንም አልበደርም፣ እናቴ ልጆቿን በምትቆጣበት ድምፅ ጮክ ብዬ ተቆጣኋቸው።

«በሉ ጋሼ፣ ይብሉ እንጂ፤ ቀዘቀዘ እኮ!»

በመጀመሪያው ጥሪ ሰሙኝ። ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ።